የውስጥ እግር ሜላኖማና የመከላከያ ኬላ ጠቋሚዎች፦ ከባሌ ደጋ ሲመዘን

ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት የካንሰር ሕክምናን መልክ ከለወጡት ግኝቶች መካከል የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት በዕጢው ላይ መልሶ የሚያነሣው የመድኃኒት ወገን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ለጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ የተሰጠው ለዚሁ ሥራ መሠረት በመጣላቸው ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን ለተሠራጨ ሜላኖማ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷቸዋል። ከመድኃኒቶቹ ጋር ተያይዞ የመጣው ሌላ ጉዳይ ግን በስፋት ቢወራም በግማሽ ብቻ የሚታወቅ ነው። ይኸውም ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ፒዲ-ኤል1፣ ላግ-3 ወይም ቲም-3 የሚባሉ ፕሮቲኖች ምን ያህል እንዳሉ በመለካት በሽታው ወደፊት እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ነው።

እነዚህ ጠቋሚዎች በብዛት የተጠኑት በተለመዱት የካንሰር ዓይነቶች ላይ ነው። በጥቂቱ በሚከሠቱት የቆዳ ካንሰሮች ላይ፣ በተለይም በኢትዮጵያ ሐኪም ፊት ሊቀርብ በሚችለው የውስጥ እግር ሜላኖማ ላይ፣ ማስረጃው ስስ ነው። ከባሌ ከተሞች ከጊኒር፣ ከሮቤ ወይም ከጎባ ለሚነሣ ታማሚ ጠቋሚው ምን ሊነግረው ይችላል፣ ምንስ ሊነግረው አይችልም የሚለውን ለመመዘን፣ በመጀመሪያ በሽታውንና የኬላውን አሠራር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የትኛው ሜላኖማ?

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት ወደ ካንሰርነት ሲለወጡ የሚፈጠር በሽታ ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ የሚበዛው ሜላኖማ ነጭ ቆዳን ከሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ግን ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው የውስጥ እግር፣ በእጅ መዳፍና ከጥፍር ሥር የሚነሣው አክራል ሜላኖማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ካንሰር መዝገብ ጥናት የዚህን ዓይነት ክሥተት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው 1.8 ገደማ አድርጎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በጥቁሮችና በነጮች መካከል ይህን ያህል ልዩነት አላገኘም። ሆኖም በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከተመዘገበው ሜላኖማ 36 በመቶው ይኸው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሰው በአክራል ሜላኖማ ይበልጥ ይያዛል የሚለው የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። የሆነው ነገር ጥቁር ሰው በሌሎቹ ዓይነቶች እምብዛም ስለማይጠቃ ይህኛው ብቻውን ጎልቶ መታየቱ ነው። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ በሜላኖማው ሳይሞቱ የቀሩት የአክራል ታማሚዎች 80.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በጠቅላላው የቆዳ ሜላኖማ ግን 91.3 በመቶ ነበሩ። ከልዩነቱ አንዱ ምክንያት የዕጢው ጠባይ ሲሆን፣ ሌላውና ምናልባትም የሚበልጠው ዘግይቶ መታወቁ ነው።

የባሌ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሮቤና ጎባም ከ2400 ሜትር በላይ ስለሚገኙ፣ በሽታውን ከደጋው ፀሐይ ጋር ማያያዝ ቀላል ይመስላል። የጨረሩ ጉልበት ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ መጨመሩ እውነት ነው፤ ይህም የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ወገኖች፣ ማለትም አልቢኒዝም ላለባቸው፣ ስኳመስ ለሚባለው ሌላ የቆዳ ካንሰር ከባድ አደጋ ነው። የውስጥ እግሩ ሜላኖማ ግን ከዚህ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች በውስጥ እግር ላይ የሚነሣው ሜላኖማ የሰውነት ክብደት በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ እንደሚበዛ ያሳዩ ሲሆን፣ ይህ ተደጋጋሚ ጫናና ግጭት ድርሻ ሊኖረው ይችላል የሚለውን መላምት አጠናክሯል። በባሌ በሲናና ወይም በአጋርፋ የስንዴ ማሳ ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ የፕላስቲክ ጫማ ለሚውል ገበሬ መላምቱ ትርጉም ቢኖረውም፣ ገና የተረጋገጠ መንሥኤ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ተረጋግጦ የሚታወቀው ግን በሽታው ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ መምታታቱ ነው። የእሾህ ቁስል፣ ኪንታሮት፣ የጥፍር ፈንገስ ወይም የረጋ ደም ተደርጎ ወራት ያልፋሉ። ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሻሸመኔን እ.ኤ.አ. በ1978 የጎበኘው የሬጌ ሙዚቀኛ ቦብ ማርሊ ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተነሣበት ሜላኖማ በመጀመሪያ ከኳስ ጨዋታ ጉዳት ጋር ተያይዞ እንደታየ ይነገራል። በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈውም በሽታው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከተሠራጨ በኋላ ነው።

የኬላው አሠራር

ቲ ሕዋስ የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ የታመመ ወይም ባዕድ ሕዋስ ሲያገኝ ይነቃል፣ ይባዛል፣ ያጠቃል። ይህ ጥቃት ገደብ ካልተበጀለት ጤነኛውንም አካል ስለሚጎዳ፣ የነቃው ቲ ሕዋስ በራሱ ላይ የማቆሚያ ተቀባዮችን ያወጣል። በኬላ ላይ የሚቆም ተሽከርካሪ ማለፊያውን እስኪያሳይ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ቲ ሕዋሱም እነዚህ ተቀባዮች በተነኩ ጊዜ ይገታል፤ የመከላከያ ኬላ የሚለው ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቲኤልኤ-4 ሲሆን፣ ሌላው በሆንጆ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1992 የተገኘው ፒዲ-1 ነው። ፒዲ-ኤል1 ደግሞ በፒዲ-1 ላይ ተጣብቆ ቲ ሕዋሱን የሚያስቆመው ፕሮቲን ሲሆን፣ በካንሰር ሕዋሳትና በአካባቢያቸው ባሉ ሌሎች ሕዋሳት ላይ ይገኛል።

መድኃኒቶቹ እንዲህ ያለውን ግንኙነት የሚያቋርጡ ፀረ-አካላት ናቸው። ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014፣ ላግ-3 የተባለውን ኬላ የሚዘጋው ሬላትሊማብ ከኒቮሉማብ ጋር ተቀላቅሎ በ2022 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ለ10 ዓመታት የተከታተለና ውጤቱ በ2024 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በተሠራጨ ሜላኖማ ከተያዙት መካከል ኢፒሊሙማብን ብቻ የወሰዱት አማካይ የመኖሪያ ጊዜ 19.9 ወር ሲሆን፣ ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን በአንድነት የወሰዱት ግን 71.9 ወር መድረሱን አሳይቷል። ቀድሞ በወራት ይቆጠር ለነበረ በሽታ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

አክራል ሜላኖማ ግን ከዚህ ለውጥ የደረሰው ጥቂት ነው። በጃፓን ከ21 ተቋማት የተሰበሰቡ 193 የአክራል ታማሚዎች የፒዲ-1 መድኃኒት ሲሰጣቸው ዕጢው ጉልህ በሆነ መጠን የቀነሰላቸው 16.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከጥፍር ሥር የተነሣባቸው ሲለዩ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 8.6 በመቶ ወርዶ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ለተነሣባቸው 21.1 በመቶ ሆኗል። በጠቅላላው ሜላኖማ ላይ በተደረጉት ዋና ዋና ጥናቶች ምላሽ የሚሰጡት ከ10 ሰው 4 ገደማ መሆናቸው ሲታሰብ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ምክንያቱ በዘረመል ደረጃ ይጀምራል። በፀሐይ የተጎዳ ቆዳ ላይ የሚነሣ ሜላኖማ በሺሕ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የዘረመል ለውጦች ስላሉት ቲ ሕዋሱ ባዕድ ብሎ የሚለያቸው ምልክቶች ይበዙለታል። የአክራሉ ዓይነት ግን በእንዲህ ያሉ ለውጦች ድሃ ሆኖ፣ በአመዛኙ ትላልቅ የክሮሞሶም ክፍሎች በመሰበርና በመባዛት የሚመጣ ስለሆነ ከመከላከያው ዓይን ይሰወራል። ኬላውን መክፈት የሚጠቅመው ደግሞ ኬላው ላይ የቆመ ቲ ሕዋስ ካለ ነው።

ጠቋሚው ለምን ተቃራኒ ነገር ይናገራል?

ፒዲ-ኤል1 ካንሰሩ የሚደበቅበት መሣሪያ ከሆነ፣ በብዛት የተገኘበት ታማሚ ቶሎ ይሞታል ብሎ መገመት ትክክለኛ አስተሳሰብ ይመስላል። በኩላሊትና በሌሎች አንዳንድ ካንሰሮች ላይም የታየው ይኸው ነው። በሜላኖማና መርክል ሴል ካርሲኖማ በሚባለው ብርቅ የቆዳ ካንሰር ላይ ግን በተደጋጋሚ የታየው ተቃራኒው ነው፤ ፒዲ-ኤል1 የተገኘባቸው ታማሚዎች ረዘም ላለ ጊዜ ሲኖሩ ተስተውሏል።

ቅራኔው የሚፈታው ፕሮቲኑ ከየት እንደሚመጣ ሲታወቅ ነው። ቲ ሕዋስ ዕጢው ውስጥ ገብቶ ሲያጠቃ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል ይረጫል፤ የካንሰሩ ሕዋስም ለዚህ ኬሚካል ምላሽ ሆኖ ፒዲ-ኤል1ን በላዩ ላይ ያወጣል። በ2012 የታተመ የሜላኖማ ጥናት ፒዲ-ኤል1 ካለባቸው ናሙናዎች 98 በመቶው ቲ ሕዋሳትም የገቡባቸው መሆናቸውን፣ ከሌለባቸው መካከል ግን ይህ የታየው በ28 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በእነዚህ ናሙናዎች ላይ የሚለካው ፒዲ-ኤል1 በአብዛኛው የካንሰሩ ቋሚ ጠባይ ሳይሆን የመከላከያው ጥቃት የተወው ምልክት ነው። ዕጢው በራሱ የዘረመል ብልሽት ምክንያት ፒዲ-ኤል1ን ያለ ማንም ጥቃት በሚያወጣበት ጊዜ ግን ያው የምርመራ ውጤት ትርጉሙ ይለወጣል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው ይችላል።

ከዚህ አንጻር በ2017 የታተመ ንጽጽር ትኩረት ይገባዋል። ፒዲ-ኤል1 በፀሐይ በተጎዳ ቆዳ ላይ ከተነሡት ሜላኖማዎች 62 በመቶ፣ በአክራሉ 31 በመቶ፣ በዓይን ውስጥ ሜላኖማ ደግሞ 10 በመቶ ላይ ተገኝቷል። ቅደም ተከተሉ መድኃኒቱ ከሚያስገኘው ውጤት ቅደም ተከተል ጋር ይመሳሰላል። በቡድን ደረጃ ጠቋሚው እውነት ይናገራል ማለት ነው። ለአንድ ታማሚ ሲሆን ግን ከናሙናው ፒዲ-ኤል1 ሳይገኝ ቀርቶ መድኃኒቱ የሚሠራለት፣ ተገኝቶም የማይሠራለት አለ።

ላግ-3ና ቲም-3 ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሲዋጋ በደከመ ቲ ሕዋስ ላይ የሚበዙ ኬላዎች ናቸው፤ በመሆኑም በብዛት መገኘታቸው ቲ ሕዋሳት መኖራቸውን፣ በዚያው ልክ መድከማቸውንም ያመለክታል። በአንድ ጥናት መልካም ምልክት፣ በሌላው ክፉ ምልክት ሆነው መቅረባቸው የሚያስገርም አይደለም። ውጤቱ የተለካው በዕጢው መካከል ነው ወይስ በዳርቻው፣ ጠቅላላ የቲ ሕዋሳቱ ብዛትስ ከስሌቱ ተነጥሏል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች መልሱን ሊገለብጡት ይችላሉ። ለዚህ አሻሚነት ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የሬላትሊማብ ታሪክ ነው፤ በአንድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መድኃኒቱን ያለ ጠቋሚ ምርመራ ሲፈቅድ፣ የአውሮፓው ግን ፒዲ-ኤል1 ከ1 በመቶ በታች ለሆነባቸው ብቻ እንዲሰጥ ወስኗል። ሁለት ብቁ ተቋማት ከአንድ መረጃ ሁለት ውሳኔ ላይ ከደረሱ፣ ጠቋሚው ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

አንባቢው እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መለየት ይኖርበታል። አንደኛው፣ ታማሚው ምንም ዓይነት ሕክምና ቢያገኝ በሽታው ወዴት ያመራል የሚለው የበሽታ አካሄድ ትንበያ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የተወሰነ መድኃኒት ይሠራለታል ወይ የሚለው የሕክምና ምላሽ ትንበያ ነው። መድኃኒቱ በሌለበት አገር ሁለተኛው ጥያቄ በተግባር ትርጉም ስለማይኖረው የሚቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ከፒዲ-ኤል1 የተሻሉና ርካሽ መልሶች አሉ። በብርቅ ካንሰር ላይ የሚወጡ ጥናቶች በጥቂት ዐሥር ታማሚዎች ላይ የተመሠረቱ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚለው ድንበር ውጤቱ ከታየ በኋላ የተመረጠባቸው፣ ከዕጢው ውፍረት ጋር ያልተነጻጸሩ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ሲሆን፣ በ2005 የወጣው ሪማርክ የተሰኘው የጠቋሚ ጥናቶች አዘጋገብ መመሪያ የተዘጋጀውም እንዲህ ያሉ ግድፈቶችን ለመግታት ነበር።

ከጊኒር እስከ ማይክሮስኮፑ

ጠቋሚው የሚለካው በናሙና ላይ ስለሆነ ዋጋው ናሙናው ከታማሚው እግር ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ይወሰናል። የተቆረጠው ሥጋ በመጠኑ ዐሥር እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ሳይዘገይ መግባት አለበት፤ በዚያ የሚቆይበት ጊዜም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በጊኒር የተወሰደ ናሙና በሮቤና በጎባ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ከሆነ፣ ታማሚው ራሱ ዕቃውን ይዞ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፣ ይህን ጊዜ ማክበር አስቸጋሪ ነው። በፎርማሊን ከመጠን በላይ የቆየ ወይም ሳይገባ የዘገየ ሥጋ በተለመደው ቀለም ሲታይ ካንሰርነቱ ሊለይ ይችላል፤ በፒዲ-ኤል1 ምርመራ ላይ ግን ፕሮቲኑ እያለ የለም የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ሌላው እንቅፋት የዕጢው ጥቁረት ነው። ምርመራው በብዛት የሚጠቀምበት ማቅለሚያ ቡናማ ሲሆን ሜላኒንም ቡናማ ስለሆነ፣ በደንብ በጠቆረ ሜላኖማ ላይ አንባቢው ፓቶሎጂስት ማቅለሚያውን ከሜላኒን መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ቀይ ማቅለሚያ መጠቀም ወይም ሜላኒኑን አስቀድሞ ማንጣት ሲሆን፣ ይህን የማያደርግ ቤተ ሙከራ የሚሰጠው ቁጥር እምነት አይጣልበትም። በዚህ ላይ ለምርመራው የሚውሉት ፀረ-አካላት የተለያዩ ናቸው፣ የአቆጣጠር ስልቶቹም እንደዚያው። በአንድ ቤተ ሙከራ 5 በመቶ የተባለው በሌላው 1 በመቶ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ የዕጢው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ቆዳ መቁሰል አለመቁሰሉ፣ በሽታው በብሽሽት ወዳለው የንፍፊት ዕጢ መድረስ አለመድረሱ በተለመደው ቀለምና በተለመደው ማይክሮስኮፕ የሚታወቁ ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ በሚሠራበት ስምንተኛው የደረጃ አመዳደብ 1፣ 2 እና 4 ሚሊ ሜትር ዋና ዋና ድንበሮች ሲሆኑ፣ ንፍፊት ውስጥ በገባው ሦስተኛው ደረጃ ውስጥ እንኳ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የመቆየት ድርሻ ከ93 በመቶ እስከ 32 በመቶ ይለያያል። አኃዞቹ በአመዛኙ ከነጭ ታማሚዎች የተሰበሰቡ በመሆናቸው በባሌ ታማሚ ላይ እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ በአክራሉም ላይ የጸና ነው። ፒዲ-ኤል1 ብቻውን ይህን ያህል ስፋት ያለው ልዩነት በተከታታይ አላሳየም። ስለዚህ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ደረጃ የሚጻፍ የፓቶሎጂ ሪፖርት ውፍረቱን፣ ቁስለቱንና የተቆረጠውን ጠርዝ ንጽሕና ሳይገልጽ "ሜላኖማ ነው" ብሎ የሚያበቃ ከሆነ፣ ያመለጠው መረጃ ማንኛውም የኬላ ጠቋሚ ሊተካው ከሚችለው ይበልጣል።

መድኃኒቱ ቢመጣስ?

አሁን ባለው ዋጋ ነገሩ አጭር ነው። የፔምብሮሊዙማብ አንድ የሦስት ሳምንት መጠን በአሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአባልነት መዋጮ እንዲህ ያለውን ወጪ መሸከም አይታሰብም።

ሁለት ነገሮች ግን ሥዕሉን ሊለውጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የፔምብሮሊዙማብ ዋና የባለቤትነት መብት በአሜሪካ በ2028 ማብቃቱና አቻ መድኃኒቶችን ለማምረት በርካታ ኩባንያዎች መሰለፋቸው ነው። ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ሲሆን፣ በሕንድ የታታ መታሰቢያ ማዕከል በ2023 ያወጣው ጥናት በራስና አንገት ካንሰር ላይ 20 ሚሊ ግራም ኒቮሉማብ፣ ማለትም ከተለመደው 240 ሚሊ ግራም ዐሥራ ሁለተኛው እጅ፣ ከሚዋጡ መድኃኒቶች ጋር በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩትን ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። ይህ በአክራል ሜላኖማ ላይ አልተፈተነም፤ ምላሹ ከመጀመሪያው ዝቅተኛ በሆነበት በሽታ ላይ ያንኑ ውጤት መጠበቅም ጥንቃቄ ይጎድለዋል።

ዋጋው ቢወርድ የሚቀጥለው ሸክም የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ኬላው የተከፈተለት ቲ ሕዋስ የታይሮይድ፣ የአድሬናል፣ የአንጀትና የጉበት ሕዋሳትን ሊያጠቃ ይችላል፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ ከባድ የሚባል ጉዳት ከታማሚዎች ከግማሽ በላይ ላይ ይደርሳል። የሆርሞን ምርመራ በአቅራቢያ በሌለበት፣ ተቅማጥ ሲጀምር ተራ የአሜባ ሕመም ተብሎ በሚታለፍበት ስፍራ ይህ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም አለ። ፒዲ-1 የሌላቸው አይጦች በነቀርሳ በፍጥነት እንደሚሞቱ ይታወቃል፤ በሰዎችም ላይ ተኝቶ የነበረ ነቀርሳ ከመድኃኒቱ በኋላ የተቀሰቀሰባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ነቀርሳ በስፋት ባለባት ኢትዮጵያ ይህ በመመሪያ ግርጌ የሚታለፍ ማስታወሻ ሊሆን አይችልም።

ከመድኃኒቱ አሰጣጥ ለውጦች ሁሉ ለባሌ ይበልጥ የሚስማማው መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምና በፊት መስጠት ነው። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፔምብሮሊዙማብን ከቀዶ ሕክምና በፊት ጀምረው ከወሰዱት መካከል ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው ወይም ሌላ እክል ሳይገጥማቸው የቆዩት 72 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻ ከወሰዱት መካከል ግን 49 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የዚህ አካሄድ ጥቅም ከቁጥሩም ይዘልቃል፤ ከጥቂት መጠን በኋላ የተቆረጠው ንፍፊት ውስጥ ምን ያህል ሕያው ካንሰር እንደቀረ በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት የታማሚውን መጪ ጊዜ ከመነሻው ፒዲ-ኤል1 በተሻለ ሁኔታ ይናገራል፣ የመድኃኒቱንም መጠን ለመገደብ ያስችላል።

ሊሆኑ የሚችሉ አቅጣጫዎች

በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ይበልጥ የሚጠበቀው ነገሮች ባሉበት መቀጠላቸው ነው፤ ጥቂት የሚችሉ ታማሚዎች በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ጠቋሚውን ያስለካሉ፣ ለቀሩት ግን ውሳኔው በቢላዋና በንፍፊት ላይ ይቆማል። ይህ ሁኔታ ካልተለወጠ ፒዲ-ኤል1ን በክልል ሆስፒታሎች ማስጀመር ገንዘብ ማባከን ይሆናል፤ በውጤቱ የሚለወጥ ሕክምና የለምና።

ሁለተኛው አቅጣጫ ርካሽ አቻ መድኃኒት በ2020ዎቹ ማብቂያ ላይ መድረሱ ነው። በዚያን ጊዜም ሜላኖማ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለማግኘት ፒዲ-ኤል1 እንዲኖረው አይጠየቅም፤ ጠቋሚው የሚያስፈልገው ጥቂቱን መድኃኒት ለማን ማስቀደም ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው። በዚህ ምርጫ ውስጥ አደጋ አለ። መስፈርቱ ከነጭና ከምሥራቅ እስያ ታማሚዎች ከተቀዳ፣ ናሙናው በፎርማሊን የተበላሸበት የገጠር ታማሚ በቤተ ሙከራ ስሕተት ከሕክምና ሊገለል ይችላል።

ሦስተኛው አቅጣጫ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ከወዲሁ ሊጀመር የሚችል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእግር እብጠትና ቁስል ሲሉ እግር ማየታቸው ስለማይቀር፣ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ጥቁር የውስጥ እግር ቁስልን ወይም እየሰፋ የሚሄድ የጥፍር ጥቁረትን ሪፈር እንዲያደርጉ ማሠልጠን ይቻላል። በጊኒርና በሮቤ ሆስፒታሎች ናሙናው ከትክክለኛው ቦታ ተወስዶ በትክክለኛው ፎርማሊን እንዲላክ፣ በሰም የታሸገው ናሙናም ከምርመራ በኋላ እንዳይጣል በመደወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ማድረግም ይቻላል። በሰም ያለ ሥጋ ለዓመታት ይቆያል፤ ከሰሙ ተቆርጦ በመስታወት ላይ የቆየ ስስ ክፋይ ግን ለፒዲ-ኤል1 የሚሰጠው ቀለም እየደበዘዘ ስለሚሄድ መቀመጥ ያለበት በሰም የታሸገው ናሙና ራሱ ነው።

ይህ ትንታኔ ጠቋሚውን ከውፍረትና ከንፍፊት በኋላ ያስቀመጠው አሁን ባለው ማስረጃ ነው። ሚዛኑ የሚለወጠው ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሰባሰቡ፣ ቢያንስ ከመቶ የሚበልጡና ለበርካታ ዓመታት ክትትል የተደረገላቸው የአክራል ሜላኖማ ታማሚዎች ናሙናዎች በቀይ ማቅለሚያና አስቀድሞ በተወሰነ ድንበር ተመርምረው፣ ፒዲ-ኤል1 ወይም ላግ-3 የዕጢው ውፍረት ከታወቀ በኋላም ተጨማሪ ነገር የሚናገር ሆኖ ከተገኘ ነው። ያን ጥናት ለማካሄድ ደግሞ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዕቃ ፀረ-አካሉ ሳይሆን ሳይጣል የቆየው በሰም የታሸገ ናሙናና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የታማሚ መዝገብ ነው።